አርባ ሁለቱ አልከበደኝም፣ አንዷ ናት እንጂ

ቅርጫት ኳስ የማይከታተል ሰው ሲያጽናና አይጣል ነው። ቡድናችሁ ከፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ካለው ጥሎ ማለፍ) የወጣ ዕለት ፊታችሁን ያይና «በስንት ተሸነፋችሁ?» ይላል። «በአንድ ነጥብ» ስትሉት ፈካ ይላል። «አንድ ብቻ? ታዲያ ይሄ ምኑ ያስከፋል! እኔኮ ጉድ የሆናችሁ መስሎኝ።» በ40 ነጥብ ብትሉት ኖሮ ደረቱን ይዞ «ውይ!» ይል ነበር። ሰውየው ክፋት የለበትም። ሂሳቡም ልክ ነው፤ አንድ ከአርባ ያንሳል። የደጋፊ ልብ ግን ሂሳብ አልተማረም።

በደጋፊዎች መካከል ይሄ የማያልቅ ክርክር ነው። የትኛው ይብሳል? ለጥቂት መሸነፍ ወይስ ተጠራርጎ መውጣት? እኔ ጎኔን መርጫለሁ። የጠባቧ ትብሳለች። ሰፊው ሽንፈት ያሳፍራል እንጂ አያምም፤ ቢያምም ቶሎ ይለቃል።

የማወራው ስለ ፕሌይኦፍ ነው። በመደበኛው የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ውድድር አንድ ቡድን 82 ጨዋታ አለው። ዛሬ ቢሸነፍ ከነገ ወዲያ ሌላ አለ፤ ለማዘንም ጊዜ የለም። ፕሌይኦፍ ላይ ግን ከሰባት አራቱን ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል፣ ሌላው ሻንጣውን ይሸክፋል። መዝገቡ ደግሞ ርኅራኄ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ኦርሊንስ በገዛ ሜዳው በዴንቨር 121 ለ63 ተሸነፈ። የ58 ነጥብ ልዩነት! ሚኒያፖሊስ ሌከርስ በ1956 ሴንት ሉዊስን 133 ለ75 ሲቀጣ ከያዘው ክብረ ወሰን ጋር እኩል ነው። መዝገቡ ላይ ግን የተጻፈው «አንድ ሽንፈት» ነው። በአንድ ነጥብ ቢሸነፉም የሚጻፈው ያው ነበር።

ሁለቱን ዓይነት ሽንፈት በአንድ ሳምንት ውስጥ የቀመሰ ደጋፊ ከተፈለገ የዩታ ጃዝ ደጋፊ አለ። በ1998ቱ ፍጻሜ፣ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ፣ ቺካጎ ቡልስ ዩታን 96 ለ54 አሸነፈ። የ42 ነጥብ ልዩነት ነው። በፍጻሜ ታሪክ እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም ነበር። የዩታው አሰልጣኝ ጄሪ ስሎን የውጤት ወረቀቱን አይተው፣ በእርግጥ ይሄ ነው ውጤቱ፣ እኔስ 196 ያገቡብን መስሎኝ ነበር ብለው ቀለዱ። ልብ በሉ፣ ቀለዱ! ሰው በ42 ነጥብ ተሸንፎ መቀለድ ይችላል።

ልክ በሳምንቱ፣ በሶልት ሌክ ሲቲ፣ ስድስተኛው ጨዋታ ተደረገ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ጆን ስቶክተን ባለ ሦስት ነጥብ አስገብቶ ዩታ 86 ለ83 መራ። የቺካጎው ማይክል ጆርዳን ቶሎ ብሎ ሁለት አገባ። ከዚያ ተመልሶ ኳሷን ከዩታው ካርል ማሎን እጅ ነጠቀ። ከዚያ የሚጠብቀውን ብራየን ራስልን አንሸራትቶ ወረወረ። 5.2 ሰከንድ ሲቀር፣ 87 ለ86። አለቀ። በዚያች ምሽት ስለመቀለድ የሰማሁት ነገር የለም።

ዛሬ አንዱን የዩታ ደጋፊ ስለ 42ቱ ነጥብ ጠይቁት። ትከሻውን ይሰብቃል። ስለ አንዷ ነጥብ ጠይቁት። ወንበር ስቦ ይቀመጣል። በመጀመሪያ፣ የጆርዳን ግራ እጅ ራስልን ገፍቶታል ይላችኋል። ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው ሩብ ይወስዳችኋል። ሃዋርድ አይዝሊ ያስገባት ባለ ሦስት ነጥብ የ24 ሰከንዱ ሰዓት (ኳስ የያዘ ቡድን መወርወር ያለበት ጊዜ) አልፎባታል ተብላ ተሰረዘች፤ ቪዲዮው ግን በጊዜው እንደተወረወረች ያሳያል። በአራተኛው ሩብ ደግሞ የቺካጎው ሮን ሃርፐር ሰዓቱ ካለቀ በኋላ የወረወራት ጸደቀች። ሦስት ተነጠቅን፣ ሁለት ተሰጣቸው፣ አምስት። የተሸነፍነው በስንት ነው? በአንድ! ኤንቢኤ ዳኞች ቪዲዮ እንዲያዩ የፈቀደው በ2002 ነው። ለዩታ ደጋፊ አራት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ቡድኑ እስካሁን አንድም ዋንጫ የለውምና ክሱ አልተዘጋም።

አባቶች «በሕግ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደችው ጭብጦዬ» ያሉት ይሄንኑ ነው። 42ቱ ነጥብ በሕግ የሄደች በቅሎ ናት። ተሸንፈሃል፣ ፈራጁም ምስክሩም ሰሌዳው ነው፣ ይግባኝ የለም። አንዷ ነጥብ ግን ጭብጦ ናት። ዋጋዋ ኢምንት ነው፤ አወሳሰዷ ነው የሚያንገበግበው።

ሊጉም ነገሩን አባብሶታል። ከ2015 ወዲህ፣ በጠባብ ልዩነት ያለቀ ጨዋታ ካለ፣ በማግስቱ ስለ መጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ዳኝነት ሪፖርት ያወጣል። ይህ ፋውል ትክክል ነበር፣ ያኛው መነፋት ነበረበት፣ እዚህ ጋ ተሳስተናል ይላል። ውጤቱ ግን አይቀየርም። እስቲ አስቡት። የተበደልክበትን በጽሑፍ አረጋግጦ፣ ቀኑን ጽፎ፣ «በል እንግዲህ ደህና ሁን» የሚል መሥሪያ ቤት ነው። በ42 የተሸነፈ ደጋፊ ይሄ ወረቀት አይደርሰውም። ተኝቶ ያድራል።

አሁን ስለ ሰፊው ሽንፈት ልናገር፤ እሱም የራሱ ወግ አለው። በመጀመሪያው ሩብ ልዩነቱ 12 ሲሆን «ገና ነው» ትላላችሁ። እረፍት ላይ 25 ሲሆን «ከዚህም ተነስተው ያሸነፉ አሉ» ብላችሁ ምሳሌ ትፈልጋላችሁ። ሦስተኛው ሩብ ላይ ስልካችሁን ታነሳላችሁ። አራተኛው ላይ፣ ከተቀያሪ ወንበር ጫፍ፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ልጅ ቱታውን አውልቆ ይገባል። እሱ ባለ ሦስት ነጥብ ሲያስገባ ታጨበጭባላችሁ። ያኔ ድናችኋል። ጨዋታው ሳያልቅ ሐዘኑ አልቋል። ሰው ከዚያ ተነስቶ ዕቃ ማጠብ ይችላል። ያጠቡም አውቃለሁ።

በፍትሕ ለመናገር፣ ለዚህ አንድ ከባድ ማፍረሻ አለ። ፊኒክስ ሰንስ። በ2022 በመደበኛው ውድድር 64 ጨዋታ ያሸነፈ፣ የሊጉ አንደኛ ቡድን። ሰባተኛውን ጨዋታ ከዳላስ ጋር በሜዳው፣ በደጋፊው ፊት ተጫወተ። እረፍት ላይ 57 ለ27 ይመራ ነበር፤ ማለቴ ይመሩት ነበር። የዳላሱ ሉካ ዶንቺች ብቻውን 27 ነጥብ ነበረው። የፊኒክስ ቡድን በሙሉ፣ አንድ ላይ ተደምሮ፣ 27። መጨረሻው 123 ለ90። እንዲህ ያለው ሽንፈት ቁስሉ ሌላ ነው። የተሸነፈው ጨዋታው ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ለሰው ያወራችሁት ወሬ ነው። የሰሌዳውን ፎቶ የሚልክላችሁ ወዳጅም አይጠፋም። ምንም አይጽፍበትም፤ ፎቶዋን ብቻ። እሱን ሰው በአንድ ነጥብ ስትሸነፉ አታገኙትም፤ ያኔ እንኳ ያዝንላችኋል።

ቢሆንም በአቋሜ እጸናለሁ። እፍረት ሰው ሲኖር ነው የሚያሠራው። ቁጭት ግን ብቻህን ስትሆን፣ መብራት አጥፍተህ ከተጋደምክ በኋላ ነው ሥራ የሚጀምር።

ዳንኤል ካነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን ነገር በአውሮፕላን መርምረውታል። ሁለት መንገደኞች በመንገድ መዘጋጋት ምክንያት በየፊናቸው በረራ አመለጣቸው፤ ሁለቱም የደረሱት ግማሽ ሰዓት ዘግይተው ነው። አንዱ አውሮፕላኑ በሰዓቱ መሄዱ ተነገረው። ሌላኛው ዘግይቶ ገና ከአምስት ደቂቃ በፊት መነሳቱ። ማን ይበልጥ ይናደዳል? የተጠየቁት ሰዎች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ «ሁለተኛው» አሉ። ለዚህ ምርምር አያስፈልግም ነበር። አንድ የፊላዴልፊያ ደጋፊ መጥራት ይበቃል።

የፊላዴልፊያ ነገርማ ግፍ ነው። 2019፣ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ቶሮንቶ ላይ፣ 90 እኩል። የቶሮንቶው ካዋይ ሌናርድ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን ወረወረ። ኳሷ ቀለበቱ ላይ ነጠረች። ደግማ ነጠረች። ሦስተኛ። አራተኛ። ከዚያ ገባች። ጠባብ ሽንፈት ሌላው ቢቀር ፈጣን ነው ይባል ነበር፤ ይቺ ግን ለአፍታ ተስፋ ሰጥታ፣ ነስታ፣ እንደገና ሰጥታ ነው የገባችው። የፊላዴልፊያው ትልቁ ጆኤል ኤምቢድ እያለቀሰ ወጣ።

የደጋፊውን አመክንዮ ስሙልኝ። ኳሷ ባትገባ የሚሆነው ተጨማሪ ሰዓት ነበር፤ እኩል ነበሩና። ደጋፊው ግን እንዲህ አይልም። «ባትገባ እናሸንፍ ነበር» ይላል። ቶሮንቶ ያንን ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ ሻምፒዮኑን እናሸንፍ ነበር። ሻምፒዮኑን የሚያሸንፍ ማነው? ሻምፒዮን። በአንዲት ነጠረች ኳስ ዋንጫ ቤቱ ገባ። በ40 ነጥብ የተሸነፈ ሰው እንዲህ ያለ ቤት የሚሠራበት መሬት የለውም።

የጠባቧ ሌላ መዘዟ ደግሞ ሁሉም ነገር ጥፋተኛ መሆኑ ነው። አሰልጣኙ፣ ዳኛው፣ የሳተው ቅጣት ውርወራ። እነሱ ሲያልቁ ወደ ራስ ይዞራል። «ውሃ ልጠጣ ባልነሳ ኖሮ።» «ማልያዬን ባላጥበው ኖሮ።» ከሶፋው ቀኝ ጫፍ ወደ ግራ ስለተዛወረ ብቻ የቤተሰቡ ጠላት የሆነ ሰው አለ። በሰፊው ሽንፈት ይሄ ጣጣ የለም። 42 ነጥብ የሚያመጣ ሶፋ እስካሁን አልተሠራም።

የ2013ቱ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ሁለቱም ዓይነት ደጋፊ በአንድ አዳራሽ ታይቷል። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ግማሽ ደቂቃ ሳይቀር ማያሚን በአምስት ነጥብ ይመራ ነበር። ይቺን ካሸነፈ ዋንጫው የእሱ ነው። ለሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሜዳውን የሚያጥረው ቢጫ ገመድ ሁሉ ወጥቷል። የማያሚ ደጋፊዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ውጭ መውጣት ጀመሩ። ያኔ የማያሚው ክሪስ ቦሽ ሪባውንድ (ስታ የተመለሰችውን ኳስ) ያዘ፣ ለሬይ አለን ሰጠው፣ አለን ወደ ማዕዘን አፈግፍጎ ሦስት አገባ። 5.2 ሰከንድ ሲቀር፣ 95 እኩል። (አዎ፣ ያቺው የጆርዳን 5.2። ይቺ ቁጥር በደጋፊ ላይ ምን ቂም እንዳላት አላውቅም።) ማያሚ በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ100 አሸነፈ፣ ሰባተኛውንም ደገመ። ቀድመው የወጡት ደጋፊዎች በሩን እየደበደቡ «አስገቡን!» ይሉ ነበር። የሚገርመው በሚቀጥለው ዓመት የሆነው ነው። ስፐርስ ማያሚን 4 ለ1 ቀጣው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ጨዋታዎች በ19፣ በ21 እና በ17 ነጥብ ልዩነት። የማያሚ ሰዎች ስለ 2014 ብዙ አያወሩም። የስፐርስ ሰዎች ግን፣ ዋንጫውን ታቅፈውም፣ «ቲም ደንከን በዚያች ሪባውንድ ሰዓት ለምን ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ?» ይላሉ። እስካሁን።

ከዚህ የተነሳ ብልጥ ደጋፊ አንድ ዘዴ ፈጥሯል። ሽንፈቱ ሰፊ ሲሆንበት ያጠብበዋል። የ2025ቱን ፍጻሜ ውሰዱ። ኢንዲያና የመጀመሪያውን ጨዋታ በታይሪስ ሃሊበርተን ውርወራ፣ 0.3 ሰከንድ ሲቀር፣ ኦክላሆማ ሲቲን 111 ለ110 ረታ። በጨዋታው ሙሉ ኢንዲያና የመራው በዚያች ብቻ ነው። የኦክላሆማ ደጋፊ ግን ዋንጫውን ስለወሰደ አሁን ይቺን ሽንፈት እየሳቀ ነው የሚያወራት። ኢንዲያና ሰባተኛውን ጨዋታ 103 ለ91 ተሸነፈ። 12 ነጥብ ሙግት የለውም ትሉ ይሆናል። አለው። ሃሊበርተን በመጀመሪያው ሩብ የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ወጣ። እስኪወጣ ድረስ በሰባት ደቂቃ ዘጠኝ ነጥብ አስገብቷል። ደጋፊው ስልኩን አውጥቶ ዘጠኝን ለሰባት ያካፍላል፣ በ48 ያባዛል። 61 ከምናምን ይመጣለታል። ዳኞቹን ገና አላነሳም።