ውዳሴ እጅጌ

አንዳንድ ወላጅ አያፍርም። ልጁን ክለብ ሊያስገባ ሄዶ «አሰልጣኙ ማነው? ልጄ በጨዋታ ስንት ደቂቃ ይሰለፋል? ሜዳው ከቤት ስንት ማይል ይርቃል?» እያለ ሰው ያደክማል። ኳስ የማያውቅ! አዋቂው ወላጅ ጥያቄ የለውም፤ ዓይኑ በቀጥታ የሚያርፈው ማልያው እጅጌ ላይ ነው። በአሜሪካ የታዳጊዎች እግር ኳስ የልጅ ዕጣ ፈንታ የሚነበበው እዚያ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም በማትተልቅ የሊግ አርማ ላይ ነው። የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤምኤልኤስ ለታዳጊ ወንዶች ያቋቋመውን ሊግ፣ ኤምኤልኤስ ኔክስትን፣ ካለች ልጁ ፕሮፌሽናል ሆኗል፣ የቀረችው ፊርማ ናት። ሌላውን አገር አቀፍ የታዳጊ ክለቦች ሊግ፣ ኢሲኤንኤልን፣ ካለች የዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ተከፍሏል። ሌላ ፊደል ከተሰፋባት ግን ቤተሰቡን «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ማለፍ ነው።

ደግሞ አርማ እንደ ሰው አይከዳም። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2007 ዴቨሎፕመንት አካዳሚ የተባለውን ሊግ ሲያቋቁም፣ ወላጅ ለዚያች አርማ ሲል ማታ ማታ አውራ ጎዳና ላይ ከረመ፤ ከ2012 ጀምሮ ልጁ ለትምህርት ቤቱ ቡድን እንዳይጫወት ሲከለከልም «ይሁን» አለ። በኤፕሪል 2020 ፌዴሬሽኑ ሊጉን ዘጋው። በዚያው ዓመት ኤምኤልኤስ ኔክስት ተተካ፤ የሴቶቹ ክለቦች ገሚሶቹ በ2009 ወደተመሠረተው ኢሲኤንኤል፣ ገሚሶቹ ያኔ ወደተወለደው ገርልስ አካዳሚ ተሰደዱ። ልጆቹ ያው፣ አሰልጣኙ ያው፣ ሜዳው ያው። የተቀየረው እጅጌው ነው፤ ከእጅጌው ጋርም ሙሉ ትጥቁ፦ ሁለት ማልያ፣ የልምምድ ልብስ፣ ቱታ፣ ቁጥር የታተመበት ቦርሳ። ይህን ሁሉ አይቶ ቅንጣት ጥርጣሬ ሳይገባው ካርዱን የመዘዘ ወላጅ፣ እምነቱ ተራራ ያፈልሳል።

አርማዋም ተባርካ ትበዛለች። ኢሲኤንኤል ከሥሩ የክልል ሊግ አበቀለ። ኤምኤልኤስ ኔክስትም ከ2025 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሆምግሮውን እና አካዳሚ ተብሎ በሁለት ደረጃ ተከፍሏል። ወላጅ ግን ጨዋ ነው፤ ለዘመድ ሲያወራ «ልጄ ኔክስት ነው» ብሎ ያበቃል። የትኛው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው በዚያችው አርማ ሥር ሁለት ዓይነት ቤት መኖሩን ሳያዩ ማለፍ መቻላቸው ነው። አንደኛው የኤምኤልኤስ ክለቦች የራሳቸው አካዳሚ ነው። እዚያ በአብዛኛው ቤተሰብ አይከፍልም፤ ክለቡ ልጁን የሚያሳድገው ነገ ለዋናው ቡድን ሊያስፈርመው ወይም ሊሸጠው ነውና። ፊላደልፊያ ዩኒየን በጁላይ 2024 ካቫን ሱሊቫንን ገና በ14 ዓመቱ ሜዳ ያስገባው ከዚህ ቤት አውጥቶ ነው። ሁለተኛው ያንኑ አርማ የሰፋ፣ ወላጅ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚገፈግፍበት ክለብ ነው። ሁለቱን ለመለየት ኳስ ማወቅ አያስፈልግም፤ ደረሰኙ በማን ስም እንደሚቆረጥ ማየት ይበቃል። የኤምኤልኤስ መልማይ ደግሞ ጥሩ ልጅ ካየ እጅጌውን ሳያነብ ከየትኛውም ሊግ ያስጠራዋል። ይህን ግን ለአዋቂ ወላጅ አትንገሩት፤ ሰው ደስታውን አይነጠቅም።

የሙከራው ሰሞን ጀግንነት ብቻውን መወድስ ያስገጥማል። ልጁ ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ ሁለት ምሽት ይሮጣል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ኢሜይል ዱብ ይላል፦ «እንኳን ደስ አላችሁ! ቦታው በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተያዘ ለሌላ ተጫዋች ይሰጣል። ቅድሚያ ክፍያው አይመለስም።» ፈሪው ወላጅ እዚህ ላይ ተቀምጦ ውሉን ያነባል። በቡድኑ ስንት ልጅ ተመዘገበ? የውድድር ጉዞና የአሰልጣኙ የሆቴል ወጪ በክፍያው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ልጁ በጥቅምት ጉልበቱ ቢጎዳ የቀሪው ወር ክፍያ ይቀርለታል? ልጁን የሚይዘው አሁን የሚያሳዩን አሰልጣኝ ነው ወይስ በነሐሴ ሌላ ሰው ይመጣል? ደፋሩ ይከፍላል። በኋላ 22 ልጅ እንደተመዘገበ፣ ለጨዋታ ማልያ የሚለብሱት 18 እንደሆኑ፣ የሚሰለፉት ደግሞ፣ ኳስ ከተፈጠረች ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ 11 እንደሆኑ ይደርስበታል። ያኔም አይከፋውም። ሦስት ሰዓት ተነድቶ ልጁ 11 ደቂቃ ቢጫወት «በትልቅ ሊግ ተጠባባቂ ወንበር መቀመጥ በትንሽ ሊግ ከመሰለፍ ይሻላል» ይላል። ኳስ በመቀመጥ የሚለመድ ጥበብ መሆኑን ከዚህ ወላጅ በፊት የደረሰበት የለም።

የሁለተኛውና የሦስተኛው ቡድን ወላጆች ምስጋና ለብቻው ነው። ያው ማልያ፣ የተቀራረበ ክፍያ፣ ለሦስት ቡድን የተከፋፈለ አሰልጣኝ፣ ግማሽ ሜዳ። የአንደኛውን ቡድን ጉዞና በነጻ የመጣውን አጥቂ ብዙ ጊዜ የሚደጉመው የእነሱ ገንዘብ ነው። ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ የተባለውን ቃል በቃል የፈጸመ ምጽዋት! የውድድሩ አዘጋጅ «ቡድናችሁ እንዲጫወት እኔ ባልኳችሁ ሆቴል እደሩ» ሲላቸውም፣ ከዚያው ከተማ ዘመድ እያላቸው፣ ዘመዳቸውን ሳይጎበኙ ሆቴሉ ውስጥ ያድራሉ።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል እያለ አንድ ማለዳ ደብዳቤ ይገባል፦ «ውድ ናትናኤል፣ ዕድገትህን ስንከታተል ቆይተናል።» ናትናኤል የምትለዋ ቃል ከቀሪው ጽሑፍ ፊደሏ ትንሽ ወፈር ትላለች፤ ማሽን ነው የሰካት። ከታች የክረምት ካምፕ መመዝገቢያና ዋጋ አለ። የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን በሚመራው በኤንሲኤኤ ደንብ፣ የዲቪዥን አንድ፣ ማለትም የላይኛው ደረጃ፣ የእግር ኳስ አሰልጣኝ፣ ልጁ አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ጁን 15 እስኪደርስ፣ ስለ ምልመላ ሊጽፍለትም ሊደውልለትም አይችልም። የካምፕ ማስታወቂያ ግን ለማንም፣ በማንኛውም ጊዜ መላክ ይፈቀድለታል። እንግዲህ በዘጠነኛ ክፍል የመጣች ደብዳቤ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ካምፓችን ገና አልሞላም። ወላጅ ግን የወረቀቷን ፎቶ ለቤተ ዘመድ ሁሉ ይልካል፦ «ዩኒቨርሲቲው ጠራው!» ካምፑ ላይ መቶ ምናምን ልጅ አቧራ ሲያጨስ አሰልጣኙ አስቀድሞ በስም የሚያውቃቸውን አምስት ስድስት ልጆች ያያል፤ የቀሩት ቲሸርት ይዘው ይመለሳሉ። ቲሸርቱ ጥራት አለው፣ አይካድም።

ጁን 15 ደርሶ ስልኩ ካልጮኸ ወላጅ ተስፋ አይቆርጥም፤ ራሱ በልጁ ስም ይጽፋል። ለሠላሳ አሰልጣኝ አንድ ደብዳቤ እየገለበጠ ይልካል፤ የቨርጂኒያው አሰልጣኝ «ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ሜሪላንድን ነው» የሚል ኑዛዜ ይደርሰዋል። ሰነፍ ልጅ ቢሆን ኖሮ በራሱ እጅ ስድስት መስመር ጽፎ ይገላገል ነበር፦ የምረቃ ዓመቱን፣ የሚሰለፍበትን ቦታ፣ የትምህርት ውጤቱን፣ የቀጣዩን ጨዋታ ቀንና የሜዳ ቁጥር፣ የማልያ ቁጥሩን፣ የአሰልጣኙን ስልክ። የቪዲዮውም ነገር እንዲሁ። አሰልጣኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርዱት በመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ ከወደዱ ደግሞ የሚጠይቁት የሙሉ ጨዋታ ቅጂ ነው፣ ኳስ ሳይዝ ምን እንደሚሠራ ለማየት። የእኛ ሰው የመጀመሪያውን አርባ ሰከንድ የልጁ ስም ከጭስ ውስጥ በሙዚቃ ሲወጣ ያሳያል። ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት።

ስኮላርሺፕ ላይ ስንደርስ ቆመን እናጨብጭብ፤ ላም አለኝ በሰማይን ወደ ቤተሰብ በጀት የቀየረ ሌላ ትውልድ የለም። ለረጅም ዘመን አንድ የዲቪዥን አንድ የወንዶች ቡድን ለሁሉም ተጫዋቾቹ ይፈቀድለት የነበረው 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር። ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ! ለ28 ልጅ ቢካፈል ለእያንዳንዱ ሲሶ ገደማ ነው። ለሴቶቹ 14 ነበር፣ ግማሽ መሆኑ ነው፤ ለሴት ልጅ ቡድኖቹም ይበዛሉ። ተጫዋቾች ኤንሲኤኤን ከሰው የደረሱበት፣ በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የሃውስ ስምምነት ደግሞ በስምምነቱ ለገቡት ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ጣሪያ አንስቶ በምትኩ የቡድኑን ብዛት 28 ላይ ገደበው። ወላጅ «ጣሪያው ተነሳ» ሲባል እልል አለ። ጣሪያ ሲነሳ ገንዘብ እንደ ዝናብ አይወርድም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ በዚሁ ስምምነት ለተጫዋች በቀጥታ እንዲከፍሉ የተፈቀደላቸው አዲስ ገንዘብ በአመዛኙ የሚፈሰው ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ወንበሩ 28 ሲሆን ደግሞ ብዙው አሰልጣኝ ከ17 ዓመት ልጅ ይልቅ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር የ21 ዓመት ጎልማሳ፣ ወይም ከአውሮፓ አካዳሚ የተሰናበተ ጢማም ይመርጣል። ዲቪዥን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ ጭራሽ የለውም፤ የሚሰጠው ለትምህርት ውጤትና ለቤተሰብ አቅም ነው። ያም ብዙ ጊዜ ከኳሱ ሲሶ ይበልጣል።

ይህን የሰማ ተራ ሰው ልጁን አልጀብራ ያስጠናዋል። ኤንሲኤኤም ለዲቪዥን አንድ 16 መሠረታዊ ኮርሶችን፣ ከእነሱም 10ሩን 12ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት እንዲጨርስ፣ አማካይ ውጤቱም ከ2.3 እንዳያንስ ይጠይቃል። አዋቂው ወላጅ ግን የአልጀብራውን ሰዓት ለግል የኳስ ልምምድ ሰጥቶታል። ወጪውንም ደምሮ አያውቅም፤ ክፍያ፣ ሆቴል፣ ነዳጅና ታኬታ በዓመት 6,000 ዶላር ቢሆን፣ ከዘጠኝ ዓመት እስከ 18 ድረስ 54,000 ዶላር ይሆናል። ይህን 529 በሚባለው የትምህርት ቁጠባ ውስጥ ማስቀመጥ ስኮላርሺፑን በገዛ እጅ መግዛት ይሆን ነበር። ግን የቁጠባ ሂሳብ እጅጌ የለውም።

«ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል፣ ጌዲዮን ዘላለም አርሰናል ገብቶ የለ?» የሚለውን ወገኔንም አልረሳሁትም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ጌዲዮን ከሜሪላንድ ተነሥቶ አርሰናል መግባቱ፣ በጃንዋሪ 2014 በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ መሰለፉ እውነት ነው። በርሊን መወለዱንና ለጀርመን ታዳጊ ቡድኖች መጫወቱን ግን ታሪኩን ስንደግም እንዘለዋለን። የፊፋ ደንብ አንቀጽ 19 ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከአገር አገር ማዛወር ይከለክላል፤ ከ16 ዓመት በኋላ የሚፈቀደው በአውሮፓ ኅብረትና በአካባቢው ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ክርስቲያን ፑሊሲክ በ16 ዓመቱ ለጀርመኑ ዶርትሙንድ የበቃው በአያቱ በኩል ባገኘው የክሮኤሺያ ፓስፖርት ነው። ሌላው አሜሪካዊ ዌስተን ማኬኒ ለጀርመኑ ሻልከ ለመፈረም 18 እስኪሞላው ጠበቀ። እንግሊዝማ ከ2021 ወዲህ ለውጭ አገር ታዳጊ በሯን ዘግታለች። ይህ ሁሉ እያለ የ14 ዓመት ልጁን በክረምት «የአውሮፓ ሙከራ» ብሎ ለሸኘ፣ ለአንድ «ኤጀንት» ነኝ ባይም በየወሩ ለሚከፍል ወላጅ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ልጁ ከማድሪድ በጣም ቆንጆ ፎቶ ይዞ ይመጣል።

ሰውነቱ? ሰውነት ምን አለው። ተረከዙን ሲያመው ሴቨር ነው፣ ከጉልበቱ በታች ሲያብጥ ኦስጉድ ሽላተር ነው፤ ሁለቱም ዕድገት ላይ ያለ አጥንት በጅማት ሲጎተት የሚመጡ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ጫና መቀነስ ነው። የሕፃናት ሐኪሞች በዓመት ሁለት ሦስት ወር ከአንድ ስፖርት ማረፍን ይመክራሉ፤ ብዙዎች የሚከተሉት ልክም የሳምንቱ የልምምድ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ የሚል ነው። በ12 ዓመቱ 12 ሰዓት መሆኑ ነው። አዋቂው ወላጅ ቅዳሜ ሁለት ጨዋታ፣ እሑድ ሁለት ጨዋታ አጫውቶ ሰኞን ለፍጥነት ልምምድ ይይዛል። ፊፋ 11+ የሚባለው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ በተለይ ለሴት ልጆች የጉልበት ጅማት የሚጠቅመው፣ አይደረስበትም፤ ከመኪና ወርደው እየሮጡ ነው የሚገቡት።

አንድ አደጋ ግን አለ፣ ከወዲሁ ይጠንቀቁ። ማንም ሳያዘው፣ ክፍያ ሳይከፈልበት፣ ልጁ ከእራት በፊት ጓሮ ወጥቶ ኳስ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ሲቀባበል ሊያገኙት ይችላሉ። በግራ እግሩ፣ ከዚያ በቀኙ፣ ከዚያ በግራው፤ ብቻውን እየቆጠረ። ባዶ እግሩንም ሊሆን ይችላል። ቶሎ ያስቁሙት። ነገ በሰዓት 90 ዶላር የተከፈለበት የግል ልምምድ አለው፣ የግራ እግር ንክኪ የሚማርበት።