አሰብን «ሁለት ሰዎች ሸጧት» የምትሉ፣ ተዉ

ወገኖቼ፣ የአሰብ ነገር በተነሳ ቁጥር «ሁለት የአፋር ሱልጣኖች በጥቂት ብር ሸጧት» ትላላችሁ። ከዚያ ስድቡ ይከተላል። ባንዳ፣ ሆዳም፣ ከሃዲ። ተዉ! ነውር ነው። ደግሞ ይህን የሚል ሰው ታሪኩን ጨርሶ አላነበበም።

ሽያጩ ነበር፤ አልክድም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ኖቬምበር 15 ቀን 1869 ኢብራሂምና ሐሰን የሚባሉ ወንድማማቾች ከጁሴፔ ሳፔቶ ጋር ተዋዋሉ። ዋጋው 6,000 ማርያ ትሬዛ ብር ነበር። ሳፔቶ የቀድሞ ሚስዮናዊ ነው፤ አገራችንን ከ1830ዎቹ ጀምሮ ያውቃታል። የገዛው ሩባቲኖ ለሚባል የጄኖቫ የመርከብ ኩባንያ ነው። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው ከውሉ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ሰውየው የሚሠራውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ከኩባንያው ጀርባ ግን የጣሊያን መንግሥት ነበር። በራሱ ስም ቢመጣ ግብፅም እንግሊዝም ዝም አይሉትም። ስለዚህ ነጋዴ ከፊት አስቀደመ። እስቲ ፍረዱ፤ ነጋዴ ሲመላለስበት በኖረ ባሕር ዳር የሚኖር ሰው፣ አንድ የመርከብ ኩባንያ ነገ መንግሥት ይሆንብኛል ብሎ እንዴት ይጠርጥር?

እኛ ደገኞቹስ ያን ጊዜ የት ነበርን? አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ትግራይ ካሳ አሉ፤ ሸዋ ምኒልክ አሉ። የሁሉም ዓይን ዙፋኑ ላይ ነው። በ1871 ተክለ ጊዮርጊስና ካሳ አድዋ አጠገብ ተዋጉ፤ ካሳም አሸንፈው አፄ ዮሐንስ ሆኑ። ይህን ሁሉ ትታችሁ ሁለት ወንድማማቾች ላይ ብቻ ጣት ትቀስራላችሁ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። በኖቬምበር 1875 ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የግብፅን ጦር እየመራ ከታጁራ ወደ ውስጥ ዘለቀ። አውሳ ላይ አፋሮች በሌሊት ወረዱበት። እሱም ሞተ፣ ከጦሩም ብዙው አለቀ። በዚያው ሰሞን አፄ ዮሐንስ ጉንደት ላይ ሌላውን የግብፅ ጦር ደመሰሱ። ጉንደትን ሁላችንም እንኮራበታለን። አውሳን የሚያነሳው ስንቱ ነው? በ1881ም ጁሊየቲ የሚባል ጣሊያናዊ አሳሽ የጣሊያን መርከበኞች አስከትሎ ከባሕር ዳሯ በይሉል ወደ መሃል አገር ሲገባ አፋሮች ገደሉት። እንግዲህ ከባሕሩ ዳር አለቆች አንዳንዱ ተዋዋለ፤ ከዚያው ሕዝብ ሌላው ደሙን አፈሰሰ። አንድን ሕዝብ በሁለት ሰው ፊርማ የምትሰድቡ፣ አውሳ ላይ የወደቁትን በየትኛው ሚዛን ልትመዝኗቸው ነው?

ውሉ ራሱ ብዙ ያስተምር ነበር። ግብፅ ስለተቃወመች ኩባንያው አሰብን ለአሥር ዓመት ያህል ብዙም አልነካትም። ወረቀቱ ግን ተቀምጦ ነበር። በ1879 መጨረሻ ተመለሰና ተጨማሪ መሬት ገዛ። በ1882 የጣሊያን መንግሥት አሰብን ከኩባንያው እጅ ተረከበ። በ1885 ምጽዋን ያዘ። በ1890 ኤርትራ ብሎ ቅኝ ግዛቱን አወጀ። መጀመሪያ የተዋዋለው ነጋዴ ነው፤ በመጨረሻ የመጣው ሠራዊት ነው።

ዛሬስ? ኢንቨስተር መጣ ሲባል የሁላችንም ጥያቄ «ስንት ሚሊዮን ዶላር ይዞ መጣ?» ነው። ማጨብጨብ ይቀድመናል። የኩባንያው ባለቤት ማነው? ከጀርባው የየትኛው መንግሥት ገንዘብ አለ? መሬቱን ለስንት ዓመት ወሰደው? ውሉ የተጻፈው የአካባቢው ሰው በሚረዳው ቋንቋ ነው? እነዚህን የሚጠይቅ ሲገኝ «ልማት የማይወድ» ብላችሁ ታሸማቅቁታላችሁ። ይህንንም ተዉ።

ስለዚህ በሰፈራችሁ መሬት ለድርጅት ተሰጠ ሲባል ወረዳ ሂዱ። ውሉ ይነበብልን በሉ። ኩባንያው መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ይችላል ከተባላችሁ፣ ለማን እንደሆነ በጽሑፍ እስኪነገራችሁ ከዚያ ቢሮ አትውጡ።