የሱፐርማርኬት ታፔላ ሲቀየር፦ ከሲያትል እስከ አዲስ አበባ

የፈረንሳዩ የሱፐርማርኬት ድርጅት ካርፉርና ሚድሮክ እ.ኤ.አ. በ2025 ተስማምተው የሚድሮክ የሆነው የኩዊንስ ሱፐርማርኬት ቅርንጫፎች በካርፉር ስም ሊሠሩ ነው ከተባለ ወዲህ፣ አገር ቤትም ውጭም ያለን ሰዎች ወሬያችን ስሙ ላይ ነው። ዋጋ ይቀንስ ይሆን? የውጭ ዕቃ ይበዛ ይሆን? በመመሪያ ቁጥር 1001/2024 የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ስለተከፈተ፣ እንዲህ ያለው ለውጥ በዚህ እንደማይቆም መገመት አያስቸግርም። እኔን ግን ከስሙ ይበልጥ የሚያሳስበኝ አሮጌው መደብር ከሚዘጋበት ማታ ጀምሮ አዲሱ እስከሚከፈትበት ጠዋት ያለው ጊዜ ነው። እዚህ አሜሪካ በዚያ አጭር ጊዜ በተሠራ ስህተት አገር ያወቀው ሱፐርማርኬት ሲፈርስ ታይቷል።

ዋሽንግተን ስቴት የሚኖሩ ወገኖቻችን ሃገን የተባለውን ሱፐርማርኬት ያስታውሱታል። ትልቁ የሱፐርማርኬት ድርጅት አልበርትሰንስ ተፎካካሪውን ሴፍዌይን በ9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ በጥር 2015 እ.ኤ.አ. ሲያጠቃልል፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በየሰፈሩ ፉክክር እንዳይጠፋ 168 መደብሮች ለሌላ እንዲሸጡ አዘዘ። ከእነዚህ 146ቱን የወሰደው ሃገን ነው። ያን ጊዜ የነበሩት መደብሮች 18 ብቻ ናቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ በዋሽንግተን፣ በኦሪገን፣ በካሊፎርኒያ፣ በኔቫዳና በአሪዞና እየዞረ ታፔላ ቀየረ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከተረፉት መደብሮች 29ኙን አልበርትሰንስ ራሱ ገዛቸው። ፉክክር እንዲጠበቅ የተሰጠው ትእዛዝ በዓመት ተኩል ውስጥ ትርጉም አጣ። ሌላው ትልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት ክሮገር አልበርትሰንስን ሊገዛ ተነስቶ 579 መደብሮችን ሲኤንድኤስ ለሚባል አከፋፋይ እሸጣለሁ ባለ ጊዜ፣ በኦሪገን የፌዴራል ዳኛዋ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ግዢውን ያገዱት ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

ሃገን ለምን ወደቀ? ራሱ ባቀረበው ክስ፣ የተሳሳተ የዋጋ መረጃ ስለተሰጠኝ ሳላውቀው አስወድጃለሁ ብሏል። አልበርትሰንስ ክሱን አልተቀበለም፤ ጉዳዩም በስምምነት ተዘግቷል። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ደንበኛው ግን የተወደደ ዕቃ አይቶ ሄዷል።

አንድ መካከለኛ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት 30,000 ገደማ የዕቃ ዓይነት ይይዛል። ለእያንዳንዱ ዕቃ በኮምፒውተር መዝገቡ ላይ ባርኮዱ፣ የመግዣና የመሸጫ ዋጋው፣ የታክስ ዓይነቱ፣ የአቅራቢው ቁጥርና አንድ ካርቶን ስንት ፍሬ እንደሚይዝ ተጽፎ ይቀመጣል። ባለቤት ሲቀየር ይህ ሁሉ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይገለበጣል። 24 ፍሬ የሚይዝ ካርቶን በስህተት 1 ፍሬ ተብሎ ከገባ፣ 48 ፍሬ ያዘዘ መደብር 48 ካርቶን ይራገፍለታል። ዘይት ከሆነ መጋዘኑን ያጣብባል፣ እርጎ ከሆነ ተበላሽቶ ይጣላል። ስለዚህ ከመክፈቻው ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ ከየክፍሉ ዕቃ እያነሱ ካሸሩ ማሽን ላይ መሞከር ያስፈልጋል። የሚጀመረውም ደንበኛው ዋጋውን በቃሉ ከሚያውቀው ነው፦ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከስኳር፣ ከዘይት፣ ከዳቦ። የመደርደሪያው ዋጋና የካሸሩ ዋጋ በእነዚህ ላይ ከተለያየ በሌላው ሁሉ ይጠረጠራል። ከ100 ዕቃ 2 ብቻ ቢሳሳት ከ30,000 ውስጥ 600 ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ከሚከፈት መክፈቻው በሳምንት ቢዘገይ በብዙ ይሻላል።

ሚዛኑም የሚረሳ ነው። መደብሩ ውስጥ ተመዝኖ የሚታሸግ ሥጋ፣ አይብ ወይም ዓሣ ላይ የሚለጠፈው ባርኮድ በ2 ይጀምራል፤ ከ2 ቀጥሎ ያሉትን አኃዞች እያንዳንዱ ድርጅት ለራሱ እንደፈለገ ይመድባል። ስለዚህ በአሮጌው ሚዛን የታሸገ ሥጋ በአዲሱ ካሸር ላይ አይብ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ሚዛኖቹ ካሸሩ በሚቀየርበት ሌሊት አብረው መቀየር አለባቸው፣ ቀድሞ የታሸገውም ከመደርደሪያ መነሳት አለበት። ለሚመዘን ፍራፍሬ የሚሠራበት ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ግን ዓለም አቀፍ ስለሆነ ችግር የለበትም፤ ሙዝ የትም ቢሄድ 4011 ነው።

ወደ ፍሪጁ ልለፍ፤ በዚህ አገር ቤትና ውጭ በጣም ይለያያሉ። ለደንበኛ የሚታየው የመደብር ፍሪጅ የተሠራው የቀዘቀዘውን ለማቆየት ነው፤ ሞቆ የገባን ዕቃ በፍጥነት የማቀዝቀዝ አቅም የለውም። እድሳት ላይ ፍሪጆቹ ይጠፋሉ፣ ይታጠባሉ፣ ቦታም ይቀይራሉ። ሲነሱ ቱቦ ይላላና ጋዝ ያፈሳሉ፣ የውኃ መውረጃቸው ተደፍኖ ወለሉን ያርሳሉ። እንደገና ሲበሩ ባዶአቸውን አድረው ሙቀታቸው ከ5 ዲግሪ በታች፣ የበረዶ ዕቃ ማስቀመጫው ደግሞ ከዜሮ በታች 18 መድረሱ በቴርሞሜትር ተለክቶ ነው ዕቃ የሚገባባቸው። ለመክፈቻ ሲቸኩሉ ይህችን አንድ ሌሊት ይሰርቋታል፤ የሳምንቱ ወተት የሚበላሸውም በዚያ ነው። አውሮፓ ውስጥ እድሳቱን ብዙ ጊዜ ጋዙን ለመቀየር ይጠቀሙበታል። አር-404ኤ የሚባለው አሮጌ ጋዝ አየር ንብረትን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 3,900 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ትልልቅ ማቀዝቀዣዎችን በአዲስ አር-404ኤ መሙላት ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተከልክሏል። ብዙዎች የሚተኩት በራሱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱ ግን እስከ 100 ባር በሚጠጋ ግፊት ስለሚሠራ አሮጌውን ቱቦ አይጠቀምም፣ ሁሉም ከሥሩ ይነቀላል።

አዲስ አበባ ላይ ከዚህ የሚቀድም ነገር አለ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ ወይም ለወደብ ከተማ የተለካ ማቀዝቀዣ ማራገቢያው ቢሽከረከርም በቂ ሙቀት አያወጣም፤ ጄኔሬተሩም በላዩ የተጻፈውን ኪሎዋት አይሰጥም። ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ንድፉን እንዳለ ከገለበጠ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ኮምፕረሰሮቹ (የማቀዝቀዣ ሞተሮቹ) ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተነሱ የመብራት ብሬከሩን ይጥላሉ፤ በየተራ የሚያስነሳ የጊዜ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋቸዋል። ዋጋው ከአንድ ጊዜ የሥጋ ብልሽት አይበልጥም።

ስለ መደርደሪያ አደራደር የምለው አጭር ነው፦ ስምና የዕቃ ቦታ በአንድ ሳምንት አይቀየሩ። ደንበኛ ዕቃውን የሚያገኘው በልማድ ነው፤ ሁለቱም አንዴ ከጠፉበት ሌላ ሱቅ ይለምዳል። ታፔላው ራሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አሮጌው ሲወርድ ከሥሩ ያለው ቀለም ፀሐይ ስላልመታው የቀድሞው ስም ጥላ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ግድግዳውን በሙሉ ሳይቀቡ አዲሱን መስቀል ሁለቱም ስም አንድ ላይ እንዲነበብ ማድረግ ነው።

አገር ቤት ግን ስም መቀየር ከግድግዳ ያልፋል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ከአድራሻ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ የንግድ ስሙ ደረሰኙ ራስ ላይ እንዲቀየር የግብር ባለሥልጣኑ ማወቅ፣ የመሣሪያው አቅራቢ ባለሙያም መምጣት አለበት። 10 ካሸር ያለው መደብር 10 መሣሪያ ማለት ነው። ይህ ቀጠሮ ታፔላው ከመታዘዙ በፊት ይያዝ። የቴሌብርና የባንክ መክፈያ ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የቀረ አሮጌ ቁጥር ካለ ደንበኛው የከፈለው ገንዘብ የማን እንደሆነ መከራከር ይመጣል።

ሠራተኛውን በተመለከተ ሕጋችን ከአሜሪካ ይሻላል፤ ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ገዢ ነባሩን ሠራተኛ እንዲያቆይ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ካሊፎርኒያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትልልቅ የምግብ መደብሮች ያወጣችው ሕግም የሚጠብቀው ለ90 ቀን ነው። የኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የድርጅት ባለቤትነት መተላለፉ የሥራ ውልን እንደማያቋርጥ፣ እንደማይቀይርም ይደነግጋል። አደጋው የሚመጣው ሠራተኛው «ልቀቅና እንደገና ተቀጠር» ተብሎ ሲፈርም ነው። ያን ጊዜ የሥንብት ክፍያው ከዜሮ ይቆጠራል፣ በአገልግሎት ዘመን የጨመረው የዓመት ፈቃድ ወደ 16 ቀን ይመለሳል፣ የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜም ሊጣልበት ይችላል። መደብሩ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ የተቀጠረበትን ቀን፣ ደመወዙንና ያልተጠቀመበትን ፈቃድ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይያዝ። ለመደብሩም ይጠቅመዋል፤ የትኛው ዳቦ በየትኛው ሰዓት እንደሚያልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ከሁሉ ይበልጥ የማስበው ግን ስለ አነስተኛ አቅራቢዎች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ለሱፐርማርኬት የሚያስረክቡ ብዙ እናቶች አሉ። ብዙ ጊዜ ዕቃው ሲሸጥ ይከፈላቸዋል፣ ያልተሸጠው ይመለስላቸዋል። ትልቅ የውጭ ስም ያለው መደብር ደግሞ ባርኮድ፣ የመጠቀሚያ ጊዜ የታተመበት ማሸጊያ፣ የንግድ ፈቃድና ተከታታይ አቅርቦት ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለምግብ ደኅንነትም ያስፈልጋል። ነገር ግን በአንድ ሳምንት ማስታወቂያ ከመጣ እነዚህን ሴቶች በሙሉ ያስወጣል። ስድስት ወር አስቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር ቢሰጣቸውና ባርኮዱን መደብሩ ራሱ በ2 በሚጀምረው የውስጥ ቁጥር ቢለጥፍላቸው አብዛኞቹ ይተርፋሉ። የቀረ ሒሳባቸውም በቆጠራው ሌሊት ይዘጋ። ስም ብቻ ሲቀየር ተበዳሪው ያው የቀድሞው ባለቤት ነው፤ ድርጅቱ ሲሸጥ ግን ቼኩን የሚፈርመው ሌላ ሰው ይሆናል፣ የመረከቢያ ወረቀት ያልያዘች አቅራቢም የምታሳየው ነገር የላትም። ያስረከበችው 200 እንጀራ፣ የተመለሰው 30 ተብሎ በቀኑ ተጽፎ በሁለቱም ወገን ከተፈረመ፣ የ170ውን ገንዘብ የምትጠይቅበት ማስረጃ በእጇ አለ።