ለካፒታል ሌተር ማርክ አይቀነስም አሉ

ሰሞኑን አንድ የግል ትምህርት ቤት ለወላጆች በቴሌግራም መልእክት በተነ። ከአሁን በኋላ ተማሪው በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ኢትዮፒያን»ን ወይም «ፍሬንች»ን የመሰለ ፕሮፐር አጀክቲቭ (ከአገር ስምና ከመሳሰለው የተጸውዖ ስም የወጣ ቅጽል) በስሞል ሌተር ቢጀምር ማርክ አይቀነስበትም። ምክንያቱ? «ሐሳቡ ከገባን ይበቃል፤ ሌላውን ስልኩ ያስተካክለዋል።» ግርጌው ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ከጫፍ እስከ ጫፍ በካፒታል ሌተር ተጽፏል። እሱ ላይ አልጨከኑም።

ከስልኩ ልጀምር። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ላይ ስልክ ይዞ መግባት የተፈቀደው መቼ ነው? ቢፈቀድስ? «ፖሊሽ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በካፒታል ከተጀመረ «የፖላንድ» ማለት ነው። በስሞል ከተጀመረ ሊስትሮው ጫማችን ላይ የሚቀባው ቀለም ነው። የቀሩት ፊደላት አንድ ናቸው። ልጁ ስለ ዋርሶ ይጻፍ ስለ ጫማ፣ ስልኩ በምን አውቆ?

«ፈረንሳዮችና ጀርመኖችም እኮ በስሞል ነው የሚጽፉት» የሚሉም አልጠፉም። ልክ ናቸው፣ እንዲህ ያለውን ቅጽል በስሞል ይጽፋሉ። ታዲያ ልጆቻችን የሚፈተኑት በእንግሊዝኛ ነው በፈረንሳይኛ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ካፒታሉን የሚነሳው ቃሉ ከአገሩ ጋር ሲፋታ ነው። ብዙ የአጻጻፍ መመሪያዎች የድንች ጥብሱን «ፍሬንች ፍራይስ» በስሞል ያስጽፋሉ። ድንች እየበላ ፓሪስን የሚያስብ የለማ! «ፍሬንች» ስለ ፈረንሳይ መንግሥት ወይም ሕዝብ ሲሆን ግን ካፒታሉን ማንም አይነካውም።

አሁን ወደ ቡናችን ኑ። ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ኮፊያ አራቢካ» ብሎ ሰየመው። መነሻው የእኛ ጫካ፣ ስሙ የዐረብ። ያ «አራቢካ» ዛሬ በስሞል ይጻፋል፤ ካፌ ውስጥ የሚያዝዘው ሰው የዐረብ አገር ትዝ አይለውም። ሞካም ያው ነው። የየመን ወደብ ስም ነው፤ ዛሬ ቸኮሌት የገባበት ቡና ሆኗል። እንግዲህ ከረጢቱ ላይ አገራችንን የሚጠራልን «ኢትዮፒያን» የሚለው ቃል ነው። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ስሞች የንግድ ምልክት እንዲሆኑ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስንነታረክ ከርመን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተስማማነው። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ለስም ነበር። እና ልጆቻችን የአገራቸውን ስም እንደ ድንች ጥብስ ይጻፉት?

«ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይቸገራሉ» ይባላል። አዎ፣ ይቸገራሉ። መምህር የሚቀጠረው ለዚህ ነው፤ በየወሩ የምንከፍለውም ለዚሁ ይመስለኝ ነበር። የሚከብደውስ የቅጽሉ ቅርጽ ነው። ከስዊትዘርላንድ «ስዊስ»፣ ከኔዘርላንድስ ደግሞ ጭራሽ «ደች» ይወጣል። ይህን «ሸምድዱ» ይሏቸዋል። የመጀመሪያዋን ፊደል ካፒታል ማድረግ ከዚህ ይብሳል?

ግማሽ ማርክ ይቀነስ። ልጁ አይሞትም፤ በሚቀጥለው ፈተና ይጠነቀቃል።