ጡጫው ግድቡን አስረሳን

አሜሪካ ፕሬዚዳንቷን የመረጠችው ጥቅምት 26 ቀን 2017 ነበር። ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቼ ግን ቀድመው መርጠው ጨርሰው ነበር። የመረጡትም በፎቶ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 2016 ፔንሲልቬኒያ፣ በትለር ላይ ትራምፕ ጆሮውን ተመትቶ፣ ፊቱ ደም ለብሶ፣ ጠባቂዎቹ አቅፈው ሊያወርዱት ሲታገሉ እሱ ጡጫውን ወደ ላይ ያነሳበትን አይታችሁታል፤ ከበላዩ ባንዲራ ይውለበለባል። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ክርክር የለም። «በጥይት መሐል ቀና ያለ ሰው ይሸነፋል እንዴ!» ይለኛል አጎቴ። የመንዝ ሰው ለጀግና ያለውን ፍቅር ለእናንተ አልነግርም።

ጀግና መውደዱ አይደለም የሚያበግነኝ። ይሄ ሰውዬ እኮ ጥቅምት 2013 ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲያወራ፣ ጋዜጠኞች ባሉበት፣ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብሎ የተናገረው ነው! ያን ሰሞን አጎቴ ደሙ ፈልቶ ነበር፤ ከጡረታው ቆርጦ ቦንድ የገዛ ሰው ነው። ይህን ሳስታውሰው፣ «ተው ልጄ፣ አፉ ነው እንጂ ሆዱ ክፉ አይደለም» ብሎ አለፈኝ። ሆዱን መቼ አየኸው ጋሼ? ያየኸው ጡጫውን ነው!

በባይደንም የሆነው ይኸው ነው። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ሰው የሚይዘውን ሲያጣ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹን በተደጋጋሚ «አሁኑኑ ውጡ» ሲል የነበረውን ደብረ ብርሃን አልረሳችም። ታኅሣሥ 23 ደግሞ አጎዋ፣ ዕቃችንን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የምናስገባበት ዕድል፣ ተዘጋብን። ባይደን የተረገመውን ያህል የተረገመ አልነበረም። ሰኔ 20 ቀን 2016 ከትራምፕ ጋር በነበረው ክርክር የ81 ዓመቱ ሽማግሌ ቃል ጠፍቶት አፉን ከፍቶ ሲቀር ግን ሁሉም አዘነለት። ሐምሌ 14 ራሱን ከውድድር ሲያገል አክስቴ፣ «ልጆች የሉትም እንዴ? ምነው ቀደም ብለው ቢያሳርፉት!» አለችኝ። ስለ አጎዋ ትንፍሽ ያለ የለም።

በባይደን ቦታ የተተካችው ካማላ ሃሪስ መጀመሪያ ላይ በሳቋ ተወቀሰች። የመንግሥት ሰው እንደዚያ አይስቅም ተባለ። ከትራምፕ ጋር የተከራከረችው ጳጉሜን 5 ማታ ፊላደልፊያ ውስጥ ነው፤ አገር ቤት ለእንቁጣጣሽ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መሆኑ ነው። እንኳን አደረሳችሁ ልል ስደውል አጎቴ የበዓሉን ማዕድ ትቶ፣ «ስማ፣ ስደተኞች ውሻና ድመት ይበላሉ ብሏል አሉ፤ እኛንም ይጨምራል?» አለኝ። የኦሃዮዋን ስፕሪንግፊልድ ነው ያለው፣ ወሬውም ሐሰት ነው፣ የተነሳው በሄይቲዎቹ ላይ ነው ብዬ አስረዳሁ። «እንግዲያ እኛን አይነካም» ብሎ ጉርሻውን ቀጠለ። በፆም ሥጋ የማይቀምስ ሰው ውሻ ትበላለህ ሲባል እንዲህ ቀለል ያደርገዋል? አክስቴ ግን በዲሽ ሃሪስ አገጯን ይዛ ሰውየውን ስትታዘበው አይታ ኖሮ፣ «ንቃዋለች፣ ጎበዝ!» ብላ ወደ እሷ ዞረች። ይኸውም ፎቶ ነው።

እዚህ አሜሪካም ቢሆን ነጩ ባልደረባዬ ጠንካራ ይመስላል ብሎ ነው የሚመርጠው፤ ስለዚህ በዘመዶቼ ብቻ አልፈርድም። የሚገርመው፣ ይሄ ሁሉ ፎቶ እየተራባ እዚህ ሜሪላንድ የምርጫው ወረቀት ላይ ግን መልክም ምልክትም የለም፤ ስምና ፓርቲ ብቻ ነው። አጎቴ አላመነኝም። በ1997 ንብና ሁለት ጣት አይቶ የመረጠ ሰው ምን ይፈርድበታል? ፕሬዚዳንትማ ምክር ቤት ነው የሚሰይምልን፤ መርጠን አናውቅም። ለማሸነፍ ክፍለ ግዛቶቹ ካሏቸው 538 ወኪል መራጮች 270ው ያስፈልጋሉ፣ ፔንሲልቬኒያ ብቻዋን 19 አላት፣ የምኖርባት ሜሪላንድ ደግሞ ከ1985 ጀምሮ ለዴሞክራቶች ያደረች ናት ስለው፣ «ሒሳቡን ተወኝ፤ አንተ ለማን ነህ?» አለኝ።

እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ አልመርጥም። ይህን ስንቴ ልናገር? ግብር እከፍላለሁ፣ በየበዓሉ ገንዘብ እልካለሁ፣ ዜግነት ግን ገና ወረፋ ላይ ነኝ። አጎቴ ሙሉ ደቂቃ ዝም ብሎ፣ «ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ስልኩን ነጥቆ ያን የትራምፕን ቀይ ኮፍያ ላክልኝ አለ፤ ያውም ኦሪጅናሉን! ኮፍያውን ገዝቼ መላኪያውንም ከፍዬ፣ ያንን ሰውዬ ደብረ ብርሃን ላይ በኪሴ ላስተዋውቅ? ለገና ጫማ ይሻለዋል።