ወኔ አሰላለፍ አይደለም

ኧረ በናታችሁ ስለ ብሄራዊ ቡድናችን ስናወራ አንድ ቀን እንኳን ስለ ኳስ እናውራ!! ስንቴ ዋጥ አድርጌ አልፌዋለሁ፣ ዛሬ ግን ይውጣልኝ። ረጅም ነው፣ የሰለቸው ስክሮል አድርጎ ይለፍ፣ አልቀየምም።

የኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት የሚገባው ሁሉ አሰልጣኝ ነው። በፌዝ አይደለም፣ የምሬን ነው። ሱቅ የሚሸጠው ልጅ፣ ራይድ የሚሰራው፣ ገና አስራ ሁለተኛ ክፍል ያልደረሰው ሁሉ አርቴታ የመስመር ተከላካዩን ለምን መሀል እንደሚያስገባው፣ ጋርዲዮላ በረኛው ኳስ ሲይዝ ስንት ሰው ወደ ኋላ እንደሚያስቀር፣ ኮርነር ሲመታ ማን በረኛውን እንደሚዘጋና ማን ሮጦ እንደሚገባ ቁጭ አድርጎ ያስተምርሃል፣ ያውም በነጻ። ከዛ ይሄው ሰው፣ ይሄው ራሱ፣ ዋልያዎቹ ሊጫወቱ ነው ሲባል ያ ሁሉ እውቀቱ በአንዴ ብን ይላል። የሚቀረው አንድ ቃል ነው፣ ወኔ። ካሸነፍን ወኔ ስለነበራቸው፣ ከተሸነፍን ወኔ ስለሌላቸው፣ አቻ ከወጣን ደግሞ ወኔያቸው እረፍት ላይ ትንሽ ቀዝቅዞባቸው።

አንተ ተሳስተህ "መሀል ሜዳ ላይ ለምን በሁለት ሰው ገባን፣ እነሱ እኮ ሶስት ናቸው" ካልክ ጉድህ ፈላ። መጀመሪያ ሟርተኛ ትባላለህ። ጨዋታው ሳያልቅ ከሆነ ያልከው "አፍህ ቁርጥ ይበል" ይመጣል። ከተሸነፍን በኋላ ከሆነ ደግሞ "አንተማ ደስ ብሎሃል"። ፌስቡክ ላይ ከጻፍከውማ አለቀልህ፣ እኔ ስለ ግራ መስመር ተመላላሽ ጽፌ ኮመንት ላይ ብሄሬን ተጠይቄአለሁ። ስለ ተመላላሽ!!

እስቲ ወደ 2005 ልመልሳችሁ። ከ31 አመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት፣ እዛ ያለው ሀበሻ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ስታዲየሙን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያደረገበት ቀን። ከዛምቢያ ጋር ነበር፣ ዛምቢያ ማለት ያኔ የአፍሪካ ሻምፒዮን ናት። ሳላዲን ፔናሊቲ ሳተ፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፣ ለእረፍት ሊወጡ ሲሉ ጎል ገባብን። በአስር ሰው፣ 1 ለ 0 እየተመራን፣ ያውም ከሻምፒዮኑ ጋር። እና ከእረፍት መልስ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ሀገር አበደ። እኔም አብጃለሁ አልክድም፣ የማላውቀውን ሰው አቅፌ አልቅሻለሁ።

ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪናፋሶ መጣች። 1 ለ 0 እየመሩን ሳለ የነሱ በረኛ ከሳጥን ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ተባረረ። አሁን እኛ 11 እነሱ 10። ግማሽ ሰአት ገደማ ይቀራል፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ነው፣ "አለቀላቸው" ተባለ። ያለቀልን ግን እኛ ነን፣ ሶስት ጎል ተጨመረብንና 4 ለ 0!

በአስር ሰው ሻምፒዮኑን አቆምን፣ በአስር ሰው የቀረ ቡድን ደግሞ ሶስት አገባብን። ወኔ ነው የምትሉኝ ሰዎች ይሄንን አስረዱኛ። በአራት ቀን ውስጥ ወኔያችን የት ሄደ፣ ሆቴል ረስተውት መጡ? ነገሩ እኮ ግልጽ ነበር። ከዛምቢያ ጋር አንድ ሰው ሲጎድል ሳንወድ ተሰበሰብን፣ ተከላካዩና አማካዩ ተጠጋጋ፣ ኳሱን ለነሱ ትተን ክፍተቱን ጠበቅን፣ ስናገኝ ደግሞ ቶሎ ወደ ፊት ወጣን። ከቡርኪና ጋር ግን የሰው ብልጫ ስላገኘን ሁሉም ወደ ፊት ነቀለ፣ ከኋላችን አንድ ቀበሌ የሚያክል ሜዳ ተከፈተ፣ እነሱ ደግሞ ፒትሮይፓንና አላን ትራኦሬን የመሰሉ በመልሶ ማጥቃት የሚኖሩ ልጆች አሏቸው። ሜዳ ላይ አስራ አንድ ሰው ሆኖ እንዴት እንደሚታገሱ፣ ኳስ ሲነጠቅ ማን ኋላ እንደሚቀር፣ ይሄ የሚሰለጠን ነገር ነው፣ በሀገር ፍቅር አይመጣም። ቡርኪና ደግሞ ከዛ እስከ ፋይናል ሄደች።

ናይጄሪያንም እስከ 80ኛው ደቂቃ ገደማ 0 ለ 0 ይዘናት ነበር። ከዛ ሁለት ፔናሊቲ፣ ሁለቱንም ቪክቶር ሞሰስ፣ በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፣ ቅያሪ ስለጨረስን አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆነ። በሶስት ጨዋታ ሁለት በረኛ በቀይ! ይሄ አጋጣሚ ነው? ከተከላካዮቹ ጀርባ ያለው ክፍተት በተደጋጋሚ ሲጋለጥ እኮ በረኛ ነው ወጥቶ የሚቃጠለው። ግን ከዛ ውድድር በኋላ ስንት ሰው ይሄን ሲያወራ ሰማችሁ? "ቆንጆ ኳስ ተጫውተን ተመለስን" ነው የተባለው፣ እንግዳ ተቀባይ ይመስል።

ደሞ ይሄ "ቆንጆ ኳስ" የሚሉት ነገር! እኔ ቅብብል አልጠላም፣ እንደውም ነፍሴ ነው። ውበቱ አባተ ቡድኑን ከኋላ ጀምሮ በአጭር ኳስ እንዲወጣ ሲያደርገው ደስ ብሎኝ አይቻለሁ፣ ካሜሩን ላይ ለተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ያሳለፈንም እሱ ነው። ችግሩ ቅብብሉ ታክቲክ መሆኑ ቀርቶ ባንዲራ ሆነ። "የኢትዮጵያ ባህል አጨዋወት" ተባለ፣ አንዴ ባህል ከተባለ ደግሞ ማን ይነካዋል። ረጅም ኳስ ያስመታ አሰልጣኝ ታቦት እንደደፈረ ይታያል።

2014 ላይ ያውንዴ ያየነውን አስታውሱ። ኬፕ ቨርዴ ጋር ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ፣ 1 ለ 0 ተሸነፍን፣ እሺ፣ ይሄ ይሁን። ካሜሩን ጋር ግን በ4ኛው ደቂቃ ዳዋ ሆቴሳ አገባ! አዘጋጇን ሀገር፣ በራሷ ሜዳ፣ እየመራን ነው። ከአራት ደቂቃ በኋላ አቻ ሆኑ። ከእረፍት መልስ የነሱ አጥቂ ቪንሰንት አቡበከር በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት አስቆጠረ፣ 4 ለ 1 አለቀ። ከቀኝ መስመር እየተሻማ የሚመጣውን ኳስ በጭንቅላት መቱት፣ አሁንም ተሻማ፣ አሁንም መቱት። አቡበከርን የሚያክል ሰው ሳጥን ውስጥ እያለ ኳሱ ከመሻማቱ በፊት መስመር ላይ ነበር መዘጋት ያለበት። ይሄን ስል አጠገቤ የነበረው ሰው ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "ቁመት እግዚአብሄር ነው የሚሰጠው"።

ኬፕ ቨርዴ ደግሞ፣ ህዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ብትመጣ ክፍለ ከተማ ነው የምትሆነው፣ ካሜሩንን በልጣ ከምድቧ አንደኛ ሆና ለ2026ቱ የአለም ዋንጫ አለፈች። ውጪ የተወለዱ ልጆቿን ከየሀገሩ ለቅማ ነው። አየርላንድ ተወልዶ ያደገውን ተከላካያቸውን ሮቤርቶ ሎፔዝን በሊንክድኢን ሜሴጅ ልከው ነው ያገኙት፣ በሊንክድኢን! እኛ ስዊድንና አሜሪካ የተወለደ ሀበሻ ኳስ ተጫዋች ባየን ቁጥር ፎቶውን ሼር አድርገን "የኛ ልጅ" እንላለን፣ ለኛ እንዲጫወት ሲታሰብ ግን ጥምር ዜግነት ህጉ አይፈቅድም፣ ፓስፖርትህን መልስ ይባላል። ኩራታችን እስከ ሼር ድረስ ነው።

እሺ ሞሮኮስ? ኳታር አለም ዋንጫ ላይ ሞሮኮ ስፔንን ስትጥል የኛ ሰፈር ርችት ነው የቀረው። ስፔን ከ1000 በላይ ፓስ አቀበለች፣ ሞሮኮ በራሷ ሜዳ ተሰብስባ ሁለቱን መስመር አጥብባ ጠበቀች፣ 0 ለ 0 ወጡና በፔናሊቲ በረኛዋ ቡኑ ቤታቸውን ዘጋው። ፖርቹጋልም እንደዛው 1 ለ 0። እስከ ግማሽ ፍጻሜ የገባባት ጎል አንድ ነው፣ እሱንም ራሷ ላይ ነው ያገባችው። አሰልጣኟ ሬግራጊ ደግሞ ቡድኑን የተረከበው ውድድሩ ሊጀመር ሶስት ወር ገደማ ሲቀረው ነው። ያን ቀን ሁሉም "ይሄ ነው ጥበብ፣ የአፍሪካ ኩራት" ሲል ነበር። እኛ እንደዛ ብንጫወት ግን "ፈሩ" ነው የሚባለው! ያው ሰው፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጦ። ሞሮኮ ስትከላከል ጥበብ፣ እኛ ስንከላከል ውርደት።

የግብጹን ጨዋታም ላንሳ፣ ይሄም ያናድደኛል። ሰኔ 2014፣ የኛን ሜዳ ካፍ ስላላጸደቀው "በሜዳችን" የምንለውን ጨዋታ ሊሎንግዌ ላይ ነው ያደረግነው፣ ማላዊ! ግብጽን 2 ለ 0፣ ዳዋና ሽመልስ በቀለ። ሳላህ አልነበረም፣ ቢሆንም ጥሩ ጨዋታ ነበር፣ ኳሱ ከእግር እግር ሲሄድ ግብጾች መያዣ አጡ። እና ያን ምሽት ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ምን ነበር? አባይ፣ ግድብ፣ አባይ፣ ግድብ። እሺ እንቀልድ፣ እኔም ቀልጃለሁ። ግን ከአራት ቀን በፊት እዛው ሜዳ ላይ ማላዊ 2 ለ 1 አሸንፋን ነበር፣ ያንን ማንም አላነሳውም። ማላዊ ላይ ያቃተን ምን ነበር፣ ግብጽ ላይ የተስተካከለው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። በስተመጨረሻ ለአፍሪካ ዋንጫው አላለፍንም፣ ግብጽ አለፈች። እኛ ጋ ስክሪንሾቱ ቀረ።

የብራዚሉን የአለም ዋንጫ ማጣሪያስ፣ ሁለት ቢጫ ስላለበት መጫወት የማይችል ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፈን 3 ነጥብ የተቀማነውን? ቢጫ መቁጠር ወኔ ይፈልጋል እንዴ? ደግነቱ ከምድባችን አንደኛ ሆነን ወጣን፣ ከዛ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 እየመራን 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ ሁለተኛዋ ጎል በ90ኛው ደቂቃ በፔናሊቲ። እየመሩ ጨዋታ መዝጋት አንችልም፣ ያኔም አንችልም ነበር፣ ካሜሩን ላይም አልቻልንም። በስምንት አመት ልዩነት ያው በሽታ!

ክርክሩ ሲጠነክር ደግሞ ሁለት ነገር ይመዘዛል፣ 1954 እና አድዋ። 1954 ላይ ዋንጫውን በልተናል፣ ግብጽን 4 ለ 2፣ ሁለቴ ከኋላ ተነስተን በተጨማሪ ሰአት፣ እነ ሉቺያኖ፣ እነ መንግስቱ ወርቁ፣ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ክብር ይገባቸዋል። ግን የተወዳደሩት አራት ሀገር ነበሩ፣ እና ከዛ ወዲህ ኳሱ ተቀይሯል፣ እኛ ያልቀየርነው ወሬያችንን ብቻ ነው።

አድዋማ ጭራሽ ለናንተ አይሆንም። መቀሌ ላይ ምሽግ ውስጥ የነበረው ጣልያን እንዲወጣ እቴጌ ጣይቱ ውሃውን ነው ያስያዙበት። ባሻ አውዓሎም ለጣልያን የተሳሳተ ወሬ አቀብሎ ነው በሌሊት ያስወጣው። ታዲያ ይሄ እቅድ ካልሆነ ምንድን ነው? እነሱ እንኳን በወኔ ብቻ አልገቡም!

ስለዚህ በቀጣዩ ጨዋታ አጠገቤ የምትቀመጥ ሰው፣ ኮርነር ሲመታብን የሩቁን ቋሚ ማን እንደሚይዝ ሳትነግረኝ ስለ አድዋ እንዳታወራኝ። ሟርተኛ ማለት ግን ትችላለህ፣ እሱን ለምጄዋለሁ።