የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይረጫል እንዴ?

ዛሬስ ልተንፍሰው። እኛ ሰፈር ቅጠል ላይ አንድ ነገር ሲሄድ ከታየ «ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «መርጫው የት አለ?» ነው።

የምኖረው ገጠር ነው፣ ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ። ጓሯችን ጎመን አለው፣ ቃሪያ አለው፣ ጥግ ላይ በቆሎና ጌሾ። ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ቅጠል እየገለበጡ ማየት ሱሴ ነው። ሥራ ፈት ይሉኛል። ይበሉ።

ሰሞኑን ጎመኑን ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ወረሰው። ቅጠሉን ስገለብጠው ጀርባው በግራጫ ክሽክሽ ተለብጧል። መሃሉ ላይ ግን ሌላ ፍጥረት ይሄዳል። ጥቁር፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ያለበት፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል አዞ በሉት። መልኳ ያስጠላል፣ አልዋሽም። አንዱን ክሽክሽ ይዛ መጠመጠችው፤ ጨርሳ ወደሚቀጥለው ሄደች። ይቺ እኮ ልጆች እጃቸው ላይ እያስሄዱ የሚጫወቱባት የቀይዋ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ልጅ ናት! እናቲቱን ሁሉም ይወዳታል። ልጇን ግን ያየ ሁሉ ይጨፈልቃታል። ጎረቤታችን ጋሼም «ጎመንሽን የጨረሰው ይሄ ነው» ብለው በአውራ ጣታቸው ደፈጠጡልኝ። ውለታ የዋሉልኝ ነው የመሰላቸው። ምን ልበላቸው?

በቆሎው ላይ መደንገጣቸው አይገርመኝም። መጤው ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ሀገር ከገባ ወዲህ ያላስለቀሰው የለም። እሱ ይለቀም፣ ይገደል። ግን ከተምቹ አጠገብ ነጭ ድር የተጠቀለለባት ትንሽ ፍሬ ስታዩ «እንቁላሉ ነው» ብላችሁ አትጨፍልቁ። ተምቹ ሆድ ውስጥ አድጋ፣ እሱን ጨርሳ የወጣች የትንሽዬ ተርብ ማደሪያ ናት። እነዚህ ተርቦች እዚሁ ሀገራችን ተምቹን ሲያጠቁ ተገኝተዋል። ለግብርና ባለሙያው ፎቶ አንስቼ ባሳየው በቅጡ ሳያየው «መድኃኒት አለው» አለኝ።

ደግሞ የሚረጩበት ሰዓት! ረፋድ ላይ፣ ባቄላው አብቦ ንብ ሲተራመስበት። ያለ ጓንት፣ ያለ አፍ መሸፈኛ፣ ነፋሱ ወደኛ ቤት እየነፈሰ። ከዚያ «ዘንድሮ ማር ምን ነካው?» ይባላል። ኧረ በእናታችሁ!

ይህን ሁሉ የሚረጭ ሰው ቅንጬ አረምን ሲያይ ግን ዝም። ከማሳው ይነቅለዋል፤ መንገድ ዳርና አጥር ሥር ያለው የማንም አይደለም። አንዷ ቅንጬ ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ትበትናለች። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። ሰው ሲነካካው ቆዳው የሚቆጣ፣ አስሙ የሚነሳበትም አለ። «ሳያብብ እንንቀለው» ብዬ ስለፈልፍ ከረምኩ። የሚሰማኝ የለም።

የቅንጬን ቅጠል የሚበላ ዚጎግራማ የሚባል ጥንዚዛ አለ። ዘሩ ከሜክሲኮ ነው፤ ሀገራችንም መጥቶ ተለቋል። እኛ ጋ እንዲደርስ እጸልያለሁ። ግን ቢደርስስ? ሳይቀምስ ነው የሚረጩት!

ትናንት ደግሞ ጋሼ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አንቺ ስለማትረጪ ነው፤ ተባዩ ሁሉ የሚራባው ካንቺ ጓሮ ነው።» ይህን ሲሉኝ ወገባቸው ድረስ ቅንጬ ውስጥ ቆመዋል። እስቲ ፍረዱኝ።